በማማዎቹ መሃል ያለው ጋራ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለመምህር ክፍሉ፣
አዳማ።

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት እንደ ጀመሩ ውብነሽ ነግራኝ ደስ ብሎኛል፤ ተሻለኝ ብለው ግን መድኃኒቱን እንዳይተዉት። እማዬስ ዓይኗን ታከመች? ክረምቱስ እንዴት አለፈ? እኔ፣ ሥርጉትና ዝማሬ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ዝማሬ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን መስላለች።

ይህን የምጽፈው በስልክ ልነግርዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ አፌ ስለተያዘብኝ ነው። ነገሩ የተጀመረው መጋቢት ላይ ነው። ካልቨር ሲቲ ቢሮ የሚሠራው የቸርቻችን ልጅ ካሣዬ፣ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር ምሳ ስንበላ አንድ ማስታወቂያ አሳየኝ። መንግሥት ፈጣን ኢንተርኔት ላልደረሰባቸው ገጠሮች መስመር ለመዘርጋት እርዳታ መድቧል። ድርጅቶች የሚያቀርቡትን ማመልከቻ አንብበው ነጥብ የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል። የአሜሪካ ገጠር ኢንተርኔት የለውም ስልዎ እንዳይገርምዎ፤ እኔንም ገርሞኛል። ክፍያ የለውም። ሥርጉት፣ ያለችኝን አንዲት የዕረፍት ቀን ለመንግሥት ልሰጥ መሆኑን ስትሰማ ሳቀችብኝ።

ፎርሙ ላይ «አሁን የሚሠሩት ሥራ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሙያዬ እንደምሠራ ስነግርዎ ኖሬያለሁ። እርስዎም ለዕድሩም፣ ለምእመኑም፣ ለቀድሞ ተማሪዎችዎም ልጄ አሜሪካ ኢንጂነር ነው እያሉ አውርተዋል። እኔ ዌስትውድ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ሥራው አሳፍሮኝ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት፣ ለጊዜው ነው ብዬ ዋሸሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሸቱን የማነሳበት ቀን ጠፋኝ። ፎርሙ ግርጌ ላይ ሐሰት መጻፍ እንደሚያስቀጣ ተጽፏል። ስለዚህ እውነቱን ጻፍኩ፤ መኪና አቋሚ፣ ከዚያ በፊት ቴሌ አሥራ አንድ ዓመት፣ ተራራ ላይ ባሉ የማይክሮዌቭ የስልክ ማስተላለፊያ ጣቢያዎች። ቅጣት ፈርቼ ለማላውቀው ሰው የጻፍኩትን እውነት ለአባቴ አለመንገሬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ከረመ።

አይቀበሉኝም ስል ተቀበሉኝ። ሦስት ሦስት ሆነን ተመደብን። የእኔ ባልደረቦች ጡረታ የወጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርትና አንድ የባንክ ሰው ናቸው፤ የምንገናኘው በስልክ ስለሆነ መልካቸውን አላውቀውም። ማመልከቻዎቹ የመጽሐፍ ያህል ይወፍራሉ። ፒኮ ጎዳና ላይ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥና በምሳ ሰዓቴ ሳነብ ሰነበትኩ።

ከመካከላቸው አንዱ የሸለቆ አገር ማመልከቻ ነው። የቦታውን ስም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። አሥራ አራት መንደሮች፣ ሦስት ትምህርት ቤቶችና አንድ ክሊኒክ አሉበት። የክሊኒኩ ነርስ ደብዳቤ አያይዛለች። የበሽተኛ ራጅ ለሐኪም ለማሳየት ሁለት ሰዓት መኪና እየነዳች ትወስዳለች፤ ኢንተርኔት ቢኖር በደቂቃ ትልከው ነበር። አንብቤ ስጨርስ ሙሉ ነጥብ ልሰጥ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ኢንተርኔቱን በአየር ከማማ ወደ ማማ የሚያሻግሩበትን ካርታ አየሁት። በሦስተኛውና በአራተኛው ማማ መሃል ጋራ አለ። አባባ፣ የእኛ ሥራ ላይ ማማና ማማ መተያየት አለባቸው፤ ካልተያዩ መልእክት አያልፍም። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ጋራው ከማማዎቹ ጫፍ በአርባ ሜትር ይበልጣል።

በስልክ ስብሰባው ቀን ሁለቱም ለሸለቆው ከፍ ያለ ነጥብ ሰጥተው ጠበቁኝ። እኔ ግን ጋራውን ጠቅሼ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁ። የባንኩ ሰው በትሕትና ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስጨነቅ እንግሊዝኛዬ ይሰባበርብኛልና ቀስ ብዬ፣

«መኪና ፓርክ አደርጋለሁ» አልኩት። «ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ማማ ላይ ስወጣና ስወርድ ነበር።»

መምህርቷም፣ «ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁለቱም ገልጠው ቁጥሩን አንድ በአንድ አብረን አየነው። ስንጨርስ ራሳቸው ነጥባቸውን ዝቅ አደረጉ። መታመኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ያቺ ነርስ በዓይኔ ላይ ዞረች። አስተያየት በሚጻፍበት ቦታ፣ አራተኛው ማማ በስተምሥራቅ ወዳለው ጉብታ ቢዛወር መስመሩ እንደሚሠራ ከነስሌቱ ለአመልካቾቹ ጻፍኩላቸው። ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት የተመረጡት ዝርዝር ወጣ። ሸለቆው የለበትም። ያን ቀን እራት አልበላህ አለኝ። ሥርጉት ምን እንደሆንኩ ጠይቃ ስነግራት፣ «ማማው ተተክሎ ዝም ቢል ኖሮስ? ያቺ ነርስ ሁለተኛ ማንን ታምን ነበር?» አለችኝ። ልክ ናት። ቢሆንም ነገሩ ከሆዴ አልወጣም፤ እርስዎ ስንት ልጅ ፈትነው ያሳለፉና የጣሉ ነዎትና የሚሰማዎትን ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎ። ስመጣ፣ እዚያ ምን ይሠሩልኛል ብዬ ዲፕሎማዬንና የቴሌ የሥራ ልምድ ማስረጃዬን እርስዎ ዘንድ ትቼ ነበር። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲያገኙ ይላኩልኝ። ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም በሙያዬ ላመለክት ወስኛለሁ። እስከዚያው ዕድሩ ላይ ስለ እኔ ሲጠይቁዎ፣ መኪና ያቆማል ይበሏቸው።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ዓይኗን ካልታከመች እንደምቆጣ ይንገሯት። ውብነሽን ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ወንድምሽ አደራ ብሏል ይበሉልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉዬን፣ ጋሼ አለማየሁንም ከነቤተሰባቸው ሰላም ይበሉልኝ። ሥርጉት እጅ ትነሳለች፤ ዝማሬም ከታች ያለውን አበባ የሳለችው ለእርስዎ ነው። አዲሱን ዓመት ጌታ የጤና ያድርግልዎ።

ልጅዎ ግሩም ክፍሉ
ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ
መስከረም 20 ቀን 2003 ዓ.ም.