ታላቅ ይቅደም

ለማከብርሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ? ደምቢ ዶሎ ዝናቡ ጋብ ብሎ እንደሆነ፣ ያከራየችሽ ሴትዮም የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግናልሽ እንደሆነ ጻፊልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅሽ ሊሊሴ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያንቺን ሹራብ ለብሳ ነው የምትተኛው፤ ታጥቦ እስኪደርቅ እንኳ መታገሥ አትችልም።

እትዬ፣ በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በስልክ ስነግርሽ ንግግሬን ታቋርጪኛለሽ፤ ባታቋርጪኝም ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ልጅሽ ትሰማለች። ስለዚህ ጽፌ በሚኒባስ ሾፌሩ በቂርቆስ እጅ ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ታናሽ ነኝና ብዙ ጊዜ ዝም ብዬሻለሁ፤ አሁን ግን ዝም የምልበት ሆድ የለኝም።

ለነብዩ የላክሽለትን ምስጋና አየሁት። ራሱ ነው ያሳየኝ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ፣ ልጄን ስላበራህልኝ እግዚአብሔር ይባርክህ የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ልጄን ስላበራህልኝ! አምፖል ናት እንዴ? እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኳት አክስቷ ምን ነበርኩ፣ ምሰሶ?

መቼም የትምህርት ቤታችንን ባለቤት በስልክ እንጂ በአካል አታውቂውም። ላስተዋውቅሽ። ነብዩ አዲስ አበባ ሄዶ የአሥር ቀን ስልጠና ወሰደና፣ ሲመለስ በሩ ላይ የመብረቅ ስሌት የሚል ትልቅ ባነር ሰቀለ። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አየር ላይ ያርገበግባሉ፤ በሐሳባቸው የአባከስ መቁጠሪያ ዶቃ እያንቀሳቀሱ ነው ይባላል። ሦስት እስኪቆጠር መልስ መስጠት አለባቸው። ጥበቡን አልነቅፍም፤ ዓመታት ወስደው በደንብ የተማሩት ይሠሩታል አሉ። የኛ ጌታ ግን መቁጠሪያውን እንኳ አልገዛም። ልጆቹ የሚያንቀሳቅሱት አይተውት የማያውቁትን ነገር ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

እኔ ሁለተኛ ክፍል የማስተምረው እንዲህ አይደለም። ሠላሳ ስምንትና ሃያ ሰባት ሲደመሩ ስንት ነው ስላቸው፣ ልጆቹ እየተጨቃጨቁ ነው የሚሠሩት። ሠላሳ ስምንት አርባ ሊሞላ ሁለት ይጎድለዋል፤ ሃያ ሰባት ደግሞ ጎረቤት አይደል፣ ሁለት ይሰጠዋል። አርባና ሃያ አምስት ሆኑ፤ ስልሳ አምስት። መቀነስን ደግሞ ባንቺና በኔ ነው ያስተማርኳቸው። እህቴ አሥር ዓመት ሲሆናት እኔ ስድስት ነበርኩ፤ ዛሬም በአራት ትበልጠኛለች፤ አርጅተን ምርኩዝ ስንይዝም በአራት ትበልጠኛለች አልኳቸው። ስለዚህ የሚቀነሰው ቁጥር አስቸጋሪ ሲሆንባችሁ፣ ሙሉ አሥር እስኪሆን ድረስ ሁለቱንም እኩል አሳድጓቸው፤ በመካከላቸው ያለው አይለወጥም። ልጅሽ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ወዲያ የሁሉን ሰው ዕድሜ እየጠየቀች አስቸገረችኝ።

ቀርፋፋ ናት፣ አልዋሽሽም። ጥያቄ ስትሰማ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ትቆያለች። ከቆየች በኋላ ግን አትስትም። ነብዩ ይህን ሲያይ ምን አደረገ? ላንቺ ደወለ። ልጅሽ ዘገምተኛ ናት፣ ጣቷን አታንቀሳቅስም፣ በሚቀጥለው ዓመት ከእኩዮቿ ጋር ማለፍ የለባትም አለሽ። አንቺስ? እኔን ሳትጠይቂ እሺ አልሽ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እኔን ንቀሽ ነው። እሱ ደግሞ እሺታሽን ይዞ ማሳለፍም መጣልም በእጁ ሆነ። አልበቃ ብሎሽ ለሕፃኗ ደውለሽ ተቆጣሻት። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ዘገምተኛ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው አልኳት። ታዲያ እማዬ ለምን አለቀሰች አለችኝ።

ከዚያ የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሽ ተከራየ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ከቡርቃ ጃቶም ከባኬ ጃማም ሰፈር ወላጅ ተጠራ። ነብዩ ልጆቹን እንዴት እንዳዘጋጃቸው ልንገርሽ፤ ለያንዳንዱ ልጅ አንዲት ጥያቄ ከነመልሷ ሰጠው! በቃ። የመጀመሪያው ልጅ የመጀመሪያዋን፣ ሁለተኛው ሁለተኛዋን። ኢቢሳ የሚባለው መምህር ካርዱን በተራ ያነባል፤ ልጁ ጣቱን ያርገበግብና ያጠናውን ይናገራል። ኢቢሳን መቼም ሰው አልለውም፤ አለቃው ዝናብ ነው ካለው ፀሐይ ላይ ጃንጥላ የሚዘረጋ ነው። ይሄ ማታለል ነው ስለው መሬት መሬት አየ። ነብዩን ስነግረው ደግሞ ሳቀብኝ፤ ወላጅ የሚመጣው ሊደሰት እንጂ ሊመረምር አይደለም አለኝ። ሊሊሴን መጨረሻ ላይ አቆማት። አምስትና አምስት የሚል ጥያቄ ሰጣት፤ ላንቺ ስል ነው፣ እንዳታሳፍርሽ አለኝ።

ለምርቃት ሽማግሌ ያስፈልግ ነበርና የምንከራይበትን ግቢ ባለቤት ኦቦ ደረሳን ጠሯቸው። ታስታውሻቸዋለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ናቸው፣ ከተማውም ያከብራቸዋል። የጥሪ ወረቀቱን ያደረስኩላቸው እኔ ነበርኩ። ትንሽ ተቀምጠን ተጫወትን፤ ትልቅ ሰው የልጆች ወሬ ይወዳል።

በዕለቱ ኦቦ ደረሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና መረቁ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ይቀመጡ ሲባሉ ግን አልተቀመጡም። የተሰለፉትን ልጆች አንድ በአንድ አዩና፣ በኛ ወግ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን አይከፍትም፤ እዚህ ግን ታናሽ እህት ከወንድሟ ቀድማ ቆማ አያለሁ፤ ኢጆሌ፣ ልጆች፣ በዕድሜያችሁ ተሰለፉ፣ አንጋፋ ይቅደም አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እውነታቸውን ነበር፤ ነብዩ የአንድን ሀብታም ሴት ልጅ ቀሚሷ ስላማረ ከፊት አቁሟት፣ ወንድሟ ዋጋሪ ከኋላ ነበር። ነብዩ ጊዜ የለንም ብሎ ሊያጉተመትም ሞከረ። ሕዝቡ አጉረመረመበት። ነቀምት ውስጥ ሽማግሌ ተናግሮ እምቢ የሚል ማን ነው? ፈገግ እንዳለ ቀረ፤ ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ ደርቆ ነበር።

ልጆቹ እየተጋፉ ቦታ ተለዋወጡ። ኢቢሳ ካርዶቹን እንደነበሩ ያዘ፤ ስም የላቸው፣ ቁጥር ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን አነበበ፣ ሃያ አምስትና አሥራ አራት። አንጋፋው ዋጋሪ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቱን አርገበገበ፣ በልበ ሙሉነት ዘጠና አንድ አለ! ቀጣዩ ከአርባ ላይ ሦስት ሲቀነስ መቶ ስድስት አደረገው። እትዬ፣ እኔ እንዲህ ያለ ቅነሳ አይቼ አላውቅም፤ እየቀነስክ የምትከብርበት። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አንዷ እናት የመንፈስ ውጊያ ነው ብላ ጸሎት ጀመረች። አንዱ ትንሽ ልጅ ግን ሳቁን ሲሰማ መድረኩ ላይ ሱሪውን አረጠበና አለቀሰ። ልጆቹ እንደሚያለቅሱ አላሰብኩም ነበር። ማለቴ፣ ማንም አላሰበም። የሱ ለቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

የልጅሽ ተራ ደረሰ። ከስልሳ ሁለት ላይ ሃያ ስምንት ሲቀነስ የሚለው ነው የደረሳት። ጣቷን አላንቀሳቀሰችም። ጣሪያ ጣሪያ አየች። ከንፈሯን ነከሰች። አንዱ ከኋላ አፏጨ። ኢቢሳ ላብ በላብ ሆኖ ቀጣዩን ካርድ ሲያነሣ፣ ኦቦ ደረሳ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱና፣ ተዋት፣ ሱታ፣ ቀስ ትበል፣ መንገድ ላይ ናት አሉ። ሱታ ሲሏት ትከሻዋ ዝቅ አለ። ከዚያ ሠላሳ አራት አለች።

እንዴት አገኘሽው ሲሏት አፏን በእጇ ሸፍና፣ ለሁለቱም ሁለት ሁለት ልደት አከበርኩላቸው አለች። ስልሳ አራትና ሠላሳ ሆኑ፤ ታላቅ ሁልጊዜ በዚያው ይበልጣል፣ ስለዚህ ሠላሳ አራት። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ በሆዱ ሲያሰላ ይታይ ነበር። እኔ አለቀስኩ። አልደብቅሽም፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን የነብዩን ጉድ ስሚ። አፈረ ብለሽ ነው? ማፈር ቢኖርበት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር። በማግስቱ ከተቀረጸው ቪዲዮ የሊሊሴን ብቻ ቆርጦ፣ የኦቦ ደረሳን ድምፅ አጥፍቶ፣ ዝማሬ ደርቦበት፣ የመብረቅ ስሌት ፍሬ ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ቆማ ያሰበችበትን ጊዜ ሁሉ ቆርጦታል። በሱ ቪዲዮ ልጅሽ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የምትመልሰው። አንቺም ያንን አይተሽ ነው ልጄን አበራህልኝ ያልሽው! በቀደም ዘገምተኛ ያላትን ሰው! ወላጆቹም ልጆቹ ደንግጠው ነው እየተባባሉ ለክረምቱ እየተሰለፉ ያስመዘግባሉ። የሰው ነገር ድንቅ ነው፤ በዓይኑ ያየውን ትቶ በስልክ ያየውን ያምናል።

ለኔም ምስጋናዬን ሰጠኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው የሽማግሌው ግቢ ውስጥ የምትኖሪው አንቺ ነሽ አለ። ታዲያ ግቢ ውስጥ መኖር ወንጀል ሆኖ ነው? ለኔ አትዘኝ። እዚህ ቅርብ ጉቴ ከተማ መምህር የሚፈልግ ትምህርት ቤት አለ፤ ጠዋት ጠዋት መኪና አይጠፋም። ሊሊሴንም ከኔ ጋር ላስመዘግባት ፈልጌ ነበር፤ እናቷ እሺ ብላ የሰጠችኝ ልጅ ናት ብሎ መሸኛዋን ከለከለኝ። አሁን ከክፍያ ነፃ አድርጓታል፤ ፎቶዋን ባነሩ ላይ ሊሰቅል ነው። ያንቺ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል፣ ሰሞኑን ይልክልሻል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለሱ ብዬ አይደለም። እሱ ለንቀትም አይበቃም። ከትናንት ወዲያ ባየሁት ነገር ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ እንደ ልማዳችን ለጨዋታ ዘጠኝና ስድስት አልኳት። በእንቅልፏ የምትመልሰው ነገር ነው። ጣሪያውን አላየችም፤ ከንፈሯንም አልነከሰችም። ዓይኗን ጨፈነች፣ ጣቶቿን አየር ላይ አርገበገበች፣ ከዚያ ዓይኗን ገልጣ መልሱን እንድነግራት ጠበቀችኝ።

እኔ አክስት ነኝ፤ መሸኛ አላስወጣም፣ ፊርማ አልከለክልም። አንቺ እናቷ ነሽ፣ የኔም ታላቅ ነሽ። ወረቀቱ ሲደርስሽ አትፈርሚ። መሸኛዋን ስጧት ብለሽ ጻፊለት። ለልጅሽም ደውይላት፤ ጎበዝ አትበያት፣ ጎበዝ ማለትን ከነብዩ ጠግባለች። አንድ ጥያቄ ጠይቂያትና ስልኩን ይዘሽ ጠብቂ። የስልክ ካርድሽን ማለቅ አትዪ። ጠብቂያት።

ኦቦ ደረሳ ሰላም ብለውሻል። ለሚቀጥለው ምርቃት ሲጠሩ የሚናገሩትን ራሳቸው ቢመርጡ እንደሚሻላቸው ነግረውኛል፤ እኔም እሺ ብያለሁ።

የሄድሽበት መንገድ ሰላም ይሁን፤ የደከምሽበት ይባረክ፤ እግርሽ ይዳን፤ ወደ ልጅሽ በጤና ያምጣሽ። ደፍሬሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፤ ቃሌን ግን አልመልስም። ታላቅ ይቅደም ተብሏልና፣ ተራው ያንቺ ነው።

በአራት ዓመት የምትበልጪያት፣
ታናሽ እህትሽ