«የላሟ መንገድ»ን መሀሉ ላይ ላጨበጨቡለት ለሚስተር ዊትኮም

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ሃርላን ዊትኮም፣ የትልቁ ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት የበላይ ኃላፊ፣ ኒው ዮርክ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? አጥብቄ የምጸልየው ለጆሮዎ ነው፤ ሌላው አካልዎ ደህና መሆኑን ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ።

ማርጎ ቴትሮ እባላለሁ፣ ከበርሊንግተን። ትምህርት አቋርጫለሁ፤ ስህተት ካገኙ የተማረው ጸሐፊዎ ያርምልኝ። «ጃርቶቹ» የተባለውን ባንድ ጎተራ ውስጥ ለጥቂት ሰውና ለአንድ ውሻ ሲጫወቱ ጀምሮ ስከተላቸው ኖሬያለሁ። እርስዎ ደግሞ የመጀመሪያ ትልቅ አልበማቸውን አወጡላቸው፤ እግዜር ይስጥልን። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩. መቅዳት ስለከለከሉን እናመሰግናለን። ጃርቶቹ ዱሮ ለእኛ ለአድናቂዎቻቸው የመቅጃ ቦታ ይሰጡን ነበር፤ ማይክሮፎናችንን እንጨት ላይ ሰቅለን እንቀዳለን፣ ካሴቱን እንለዋወጣለን፣ መሸጥ ነውር ነው። አልበሙ በተቀዳበት ኮንሰርት ላይ ግን ዘበኛዎ «ነይ እስቲ አንቺ! በዚህ እንጨት ዓሣ ልታጠምጂ ነው?» ብሎ ነጠቀኝ። «ትልቁን ዓሣማ ይኸው ያዝኩት» አልኩት። ጊታሪስቱ አንሰል ቀርቦ «ማርጎ፣ ፈርመናል እኮ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ፤ ዓይኔን ግን ማየት አልቻለም። እሱንም እርስዎ ነዎት ያስተማሩልን።

፪. «የላሟ መንገድ» የሚለው ዘፈናቸው መሀሉ ላይ ጸጥ ይላል። ያኔ ሰካራም እንኳ ትንፋሹን ይውጣል፤ ከዚያ ከበሮ መቺው አንዲት ቃጭል ይነካል፣ ዘፈኑ ገና ያኔ ይጀምራል። ፊት የተቀመጣችሁት እርስዎና ባለ ከረባት እንግዶችዎ ግን ጸጥታውን ስትሰሙ አጨበጨባችሁ፤ የእርስዎ ቀጂም ያለቀ መስሎት ማሽኑን አጠፋ። ሙሽራዋ ሳትመጣ ድንኳን ማፍረስ ማለት ይሄ ነው። አልበሙን የገዛ ሰው ሁሉ ጭብጨባችሁን እየሰማ ነው።

፫. ትናንት ረዳትዎ ደውላ «ማርጎዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ መጨረሻውን ባርኔጣሽ ውስጥ በደበቅሻት ማይክ ቀድተሻል አሉ። ለሁለተኛው እትም እንፈልገዋለን፣ ቲሸርት እንልክልሻለን» አለችኝ። እናቴ እንኳ ማርጎዬ ብላኝ አታውቅም! ቲሸርቱን ዘበኛው ይልበሰው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጃርቶቹ በሚጫወቱበት ሁሉ የመቅጃ ቦታችን ይመለስ። በጽሑፍ፣ በእርስዎ ፊርማ። ያለዚያ ዘፈንዎ እንደ ተቆረጠ ይኖራል።

እጆችዎን ያለ ሰዓታቸው ከማጨብጨብ እግዜር ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እጅ እነሳለሁ፤
ማርጎ ቴትሮ

ከፊርማዬ በታች የተጨመረ፦ ከፈረሙ፣ ከእኛ ጋር ካሴት እንደሚለዋወጥ እንደ ማንኛውም ሰው ባዶ ካሴት በፖስታ ይላኩልኝ። ባዶ ካጡ አልበማችሁን ይላኩት፤ እላዩ ላይ እቀዳልዎታለሁ።