ያልታጠበው ፊልም

ጥር 18፣ እሑድ

ከሰዓት ሹም አቦ ሰፈር፣ ሕዝቅኤል ቤት። የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ ሚስት ያጣበት ምክንያት ገባኝ... ሻወር ቤቱን ኬሚካል ሞልቶት፣ የልብስ ማስጫው ላይ ኔጋቲቭ ተሰጥቶበት፣ የት ትታጠብ? የባለፈውን ፊልሜን አጠብን። ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ደብዝዟል። አንዷ ግን ወጥታለች፤ ታንኳ ላይ የቆመ ሰውዬ መረቡን ሲስብ።

"ይቺ ፎቶ ናት" አለኝ። ሕዝቅኤል ዝም ብሎ አያሞግስም። ለማን ልንገር? እህቴ እንደሆነች "በስልክሽ አታነሺም ወይ?" ነው የምትለኝ። በስልክማ ስንቱን አነሳሁ፣ አንዱንም ተመልሼ አላየሁትም። ይቺ የአጎቴ የሩሲያ ካሜራ ግን... ቀጭ ስትል ሆዴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፍቅር ያዘኝ እንዴ?

ስወጣ አዲስ ፊልም ሰጠኝ። "ላስገባልሽ?" አለ። "ምን፣ ሕፃን ነኝ?" አልሁት። ባጃጅ ውስጥ እየተንገጫገጭሁ አስገባሁት።

ጥር 25፣ እሑድ

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ከናኢማ ጋር ሐይቁ ዳር፣ እነሱ ቤት። ከናኢማ ጋር አንድ ቢሮ ነን፤ አባቷ ጋሽ ሱሌማን ጀልባ ይሠራሉ፣ እናቷ እማ መዲና ዓሣ ይሸጣሉ። እማ መዲና ፎቶ ጠላታቸው ነው። ያላቸው የመታወቂያቸው ብቻ፤ እሱንም "ሌባ አስመስለው አወጡኝ" ይላሉ። ልጆቻቸው ስልክ ካወጡ ፊታቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ። ዛሬ ካሜራዋን ተቀብለው መዘኗት።

"ይቺ እንኳ ቁም ነገር አላት፤ ትከብዳለች። በይ እስቲ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ድገሚኝ ብትይ ውርድ ከራሴ!"

እጃቸውን ታጠቡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ናኢማን አዩና ሳቁ። ቀጭ! ናኢማ ዕንባዋ መጣ። "እማዬ ስትስቅ በፎቶ ሊኖረኝ ነው" አለች።

ምናለ እዚያው ባበቃሁ! ስመለስ ወደቡ ላይ ከዘጌ የመጣ ጀልባ ቡና ያራግፋል። ብርሃኑ ደስ አለኝ፣ አነሳሁ። ከጀልባው ጀርባ ማን እንደቆመ ልብ አላልሁም... መሣሪያ የያዙ ሰዎች ነበሩ። አንድ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ አጠገቤ ደረሰ።

"ምን አነሳሽ?"

"ጀልባ።"

"አሳዪኝ።"

"አይታይም፤ ፊልም ነው።"

"አጥፊው።"

"አይጠፋም... ፊልም ነው።"

የማሾፍበት መሰለው። መታወቂያዬን ተቀበለና በስልኩ ፎቶ አነሳው። "ስንፈልግሽ እናገኝሻለን" አለኝ። እነማን ናቸው የሚያገኙኝ? አልጠየቅሁም።

ጥር 27

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አላነሳሁም። ደገመ። አላነሳሁም።

የካቲት 1

ለካ ቁጥሩ የልብስ ሰፊዬ ነው። "ቀሚስሽ ደርሷል" ልትለኝ! ሳቅሁ፣ ሳቄ ሳያልቅ አለቀስሁ።

ካሜራዋን ከነፊልሟ በፌስታል ጠቅልዬ ሽሮ ባልዲ ውስጥ ቀበርኋት። ሌላ የት ላድርጋት? ሰዎቹና እማ መዲና አንድ ፊልም ላይ ናቸው። ቢይዙኝና "ይቺ ሴትዮ ማናት? የት ነው ቤቷ?" ቢሉኝስ? እኔ ደግሞ ሲጮኹብኝ ሁሉንም ነው የምለፈልፈው፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

የካቲት 5

በራችን ላይ ባጃጅ ቆማ ዋለች። ማንም አልወረደም።

ሕዝቅኤል ደወለ። የእሑዱን ነገርሁት። "አምጪው እንጂ፣ ወዲያው አጥበዋለሁ።"

"ቢመጡብህስ?"

"እነማን?"

"እኔ እንጃ!"

"ዜማ፣ ሰውዬው እኮ ረስቶሻል።"

"የተነሳው ያንተ መታወቂያ አይደለም!" ብዬ ዘጋሁበት። ምን አጠፋ እሱ?

የካቲት 9፣ እሑድ

ዛሬ ላቃጥለው ነበር። መጋረጃውን ገለጥሁ፣ ፀሐይ ገባች። የካሜራዋን ጀርባ ከከፈትሁት ብርሃን ፊልሙን ይበላዋል፤ እገላገላለሁ። አውራ ጣቴ መክፈቻው ላይ... እማ መዲና ሲስቁ ታዩኝ። አልቻልሁም። መልሼ ሽሮ ውስጥ።

ማሳጠብም ፈራሁ፣ ማቃጠልም ፈራሁ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

የካቲት 14

ናኢማ ሥራ አልገባችም። እማ መዲና ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ልባቸው ነው። ሄድሁ። ከስተዋል። ምላሳቸው ግን ያው ነው።

"ፎቶዬን ደበቅሽብኝ አይደል? ዛሬም ሌባ ሆኜ ወጣሁ?"

"ኧረ በጭራሽ! ኬሚካል አልቆብን ነው እማ፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣልን..."

"ረመዳን ሳይገባ አድርሽልኝ፣ ልየው።"

"እሺ፣ እማ።"

ናኢማ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ስዋሽ ታውቅብኛለች። ነገ እወስደዋለሁ። የመጣው ይምጣ።

የካቲት 16

አልወሰድሁም። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ አሉኝ። ነገ።

የካቲት 19

እማ መዲና ዐረፉ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ለቅሶ ቤት ነበርሁ። ናኢማ እጄን ያዘችኝና "ያቺን ፎቶ..." አለች። ተነስቼ ቤቴ፤ ካሜራዋን ከሽሮው አውጥቼ ቀጥታ ወደ ሕዝቅኤል።

ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ልጅ ቦርሳዬን ከፈተ፣ ካሜራዋን አወጣ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋት። "ሽሮ ሽሮ ትላለች" ብሎ መለሰልኝ። በቃ። ስንት እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው?

ሕዝቅኤል ፊልሙን ለመጠቅለል በግራ በኩል ያለችውን መዘውር ይዞ አዞረ። ቀለለችው፤ እጁን ገታ። እንደገና ሞከረ። "ዜማ... ስታነሺና ፊልሙን ስታሳልፊ ይቺ የግራዋ ትዞር ነበር?"

"አላየኋትም።"

በጠራራው ብርሃን ጀርባዋን ከፈተው! ጮህሁ። "አትጩሂ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "የሚበላሽ ነገር የለም።"

አየሁት። የፊልሙ ጫፍ ከሚስበው ጥርስ አምልጦ እዚያው ተጋድሟል። ንቅንቅ አላለም። ባጃጅ ውስጥ ሳስገባው አልያዘም ነበር። ቆጣሪዋ ይቆጥራል፣ እሷም ቀጭ ትላለች፣ ፊልሙ ግን ቆሟል። ያነሳሁት ሁሉ ያረፈው ሳስገባው ብርሃን የበላው ጫፍ ላይ ነው። ጥቅሉ ውስጥ የቀረው አዲስ ነው።

ጀልባው የለም። ሰዎቹ የሉም። እማ መዲናም የሉም።

ሳስበው ራሴን ልስት ደረስሁ። በማግስቱ ባሳጥበው ኖሮ ባዶነቱን አይ ነበር። ያን እሑድ ባቃጥለው እንኳ፣ ስከፍተው አይ ነበር! ሮጬ ሄጄ "እማ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ" እላቸው ነበር። ይሰድቡኝ ነበር፣ ከዚያ ይስቁ ነበር። በሕይወት ነበሩ እኮ! እኔ ሽሮ ባልዲ እጠብቃለሁ።

የካቲት 26

ለናኢማ ነገርኋት። ሽሮውንም፣ ውሸቴንም፣ ሁሉንም።

"ባዶ?" አለች።

"ባዶ።"

ተነስታ ሄደች።

መጋቢት 10

ቢሮ ውስጥ "እንደምን አደርሽ" ብቻ። ምሳ ለየብቻ። ይገባኛል። ሕዝቅኤል ያንኑ ፊልም መልሶ አስገብቶልኛል፤ አልነካሁትም።

መጋቢት 23

ኢድ ካለፈ ወዲህ ነው። የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አነሳሁት።

"በአባቴ ስልክ ነው" አለች ናኢማ። "ነይ። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ።"

የእናቷን ሻሽ አስራ ያንኑ ጀልባ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጋሽ ሱሌማን መዶሻቸውን አስቀምጠው ዞር አሉ፤ ሊያዩዋት አልቻሉም።

"ስስቅ እሷን ነሽ ይሉኛል" አለች። "ይቅር አላልሁሽም ገና። ግን አንሺኝ።"

ወደ ወደቡ በኩል አንድ ጃኬት የለበሰ ሰው ቆሟል። እሱ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። ወደ እኛ ያያል። ክንዴን ከጎድኔ አጣብቄ ካሜራዋን ያዝሁ።

"እንዴ፣ ሌባ እንዳታስመስዪኝ!" አለች ናኢማ። አለችና ራሷ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች። እሳቸውን! ቁርጥ እሳቸውን!

ቀጭ።

ፊልሙን አሳለፍሁ፤ ዐይኔን ከግራዋ መዘውር ሳልነቅል። ዞረች።

የቀረውን ፊልም አልጨረስሁም። ለአንዲቷ ብዬ አሳጥበዋለሁ። ይኼን የምጽፈው ባጃጅ ውስጥ ነው፤ ፊደሉ ይዘላል፣ ካሜራዋ ጭኔ ላይ ናት። ፊት ለፊት ፍተሻ ይታየኛል። ፈርቻለሁ። ሹፌሩ "በሌላ መንገድ ልዙርልሽ?" አለኝ። "ኧረ በቀጥታ ንዳው" አልሁት።