አያ አድማሴን የማያስቀምጠው ሲዲ

ቡሬ፣ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ያምሮት፣

ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ የገበዝ ማርያም ብርድ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኛ ደኅና ነን። ኩርፊያሽ ግን ከደብዳቤሽ ቀድሞ ነው ቡሬ የደረሰው። «ለፋሲካ እመጣለሁ ስል አንድ ሰው እንኳ ነይ አላለኝም» ብለሻል። እውነትሽን ነው። እንዲያውም የባሰውን ልንገርሽ፤ እማዬ እንዳትመጪ ተስላ ነበር። ለማርያም ጃንጥላ። የቋሪት መኪና ተበላሽቶ ስትቀሪ በማግስቱ ጃንጥላውን አስገባች። ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም፤ ይዤ እመጣለሁ ያልሽው የሠርግሽ ሲዲ ነው።

እኛ ዘንድ ያለው ኮፒ ከታመመ ቆይቷል። ፎቶ ቤቱ ያንቺንና የባልሽን ፎቶ ጀርባው ላይ በማጣበቂያ ለጥፎበት አልነበር? ማጣበቂያው ያንን የሚያብለጨልጨውን ብርማ ሽፋን በላው። ወደ ፀሐይ ቀና ስታደርጊው ወንፊት ነው፤ በቀዳዳው ጎረቤት ይታያል። መጀመሪያ የተጫረ መስሎን የጥርስ ሳሙና ቀባነው፤ አንዱ መጥቶ ጋዝ ይሻለዋል አለ፣ ሌላው ቅቤ። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ «እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ፣ ሲዲው ከፋብሪካው ሲወጣም ጤነኛ አልነበረም» ይላል። ሐሰት ብቻ አይመስለኝም፤ በዚያ ጥር የተዳሩት ሁሉ እያለቀሱ ነው። የጎረቤታችን የክንዱ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ትታይና ከዚያ ወዲያ የለችም። ክንዱ ብቻውን ኬክ ቆርሶ ብቻውን ይጎርሳል።

የእኛው ደግሞ አያ አድማሴ ላይ ይይዛል። አጎታችን በሠርግሽ ዕለት ትከሻቸውን ሁለቴ ነቅነቅ አድርገው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ወዲያው እንደተቀመጡ ታስታውሻለሽ። ሲዲው አያስቀምጣቸውም። ያቺኑ ንቅናቄ ይመልሳታል፣ ይመልሳታል፤ ከበሮው «ድም ድ… ድም ድ…» እያለ፣ እሳቸው ፈገግ እንዳሉ። ዴኩን በጥፊ ካላልነው በቀር ሰው ራት በልቶ እስኪነሣ አያቆሙም።

ክረምት ላይ ወይዘሮ ታንጉት፣ በርበሬ ነጋዴዋ፣ ዝናብ ይዟቸው እኛ ቤት ገቡና ይህን ተመለከቱ። ባላቸው ከሞተ ዓመታት ሆኖታል፤ የጠየቃቸውን ወንድ ሁሉ እንደመለሱ ነው። ብዙ ካዩ በኋላ ወደ እማዬ ዞረው «እትዬ ንግሥቴ፣ እኝህ ሰውዬ አይደክማቸውም?» አሉ። እኔ ዴኩን ልመታ ስነሣ እማዬ ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ።

«ምን ይድከማቸው» አለች። «ሚስታቸው ካረፈች ጀምሮ ጉልበቱ ተጠራቅሞ ነው።»

አያ አድማሴ ብቻቸውን ሽሮ እያሳረሩ መኖራቸው ሆዷን ሲበላት እንደኖረ ታውቂያለሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴክ መምታት ክልክል ሆነ። ታንጉት በሰበብ አስባቡ ብቅ ይላሉ፣ እማዬ ሲዲውን ትከታለች፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ሽማግሌ ተላከ። «መልሴን ከፋሲካ በኋላ» አሉ። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰው እዚህ መሐል ነው፤ «የእኔ ኮፒ ጥርት ያለ ነው፣ ይዤላችሁ እመጣለሁ» የምትይበት። ሳነብላት እማዬ ደረቷን ያዘች። «ልጄ መጥታ ሰውዬውን ልታስቀምጥብኝ ነው።»

አያ አድማሴ ራሳቸው ሌላ ጉድ ናቸው። ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠፍረው ከጎተራው ጀርባ ይለማመዳሉ። አንድ ቀን ደርሼባቸው «አያ፣ ይቅርብዎ» ብላቸው፣

«ሰብሊ፣ ከዚያ ሰውዬ ጋር ተጣልቻለሁ» አሉኝ።

«ከየትኛው ሰውዬ?»

«ሲዲው ውስጥ ካለው። ታንጉት የወደዱት እሱን ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ጨርቁን አጥብቄ አሰርኩላቸው።

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የታንጉት የወንድማቸው ልጅ ተዳረች። ጭፈራው ሲሞቅ ታንጉት ከሴቶቹ መሐል ሆነው «አያ አድማሴን አስነሡልኝ» አሉ። ተነሡ። አንዴ ነቀነቁ። ደገሙ። ሊሠልሱ ሲሉ ጉልበታቸው ቋ አለ፤ ከበሮ መቺው ሳይቀር ሰምቶ እጁን አነሣ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

አያ አድማሴ እዚያው እንደቆሙ «ወይዘሮ ታንጉት» አሉ፣ «ያ ሲዲ ብልሹ ነው። እኔ ከዚህ አላልፍም። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ታንጉት ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ዛሬ ማታ እኮ እምቢ ልልዎ ነበር» አሉ ታንጉት። «እኔ ወገቤን ያመኛል። ቀኑን በርበሬ ስመዝን ውዬ ማታ ከማይደክም ሰው ጋር ምን ልሆን ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እትዬ ንግሥቴ ቤት የተመላለስኩት አንድ ቀን እንኳ ሲቀመጡ ባይ ብዬ ነው።»

ሴቶቹ በሳቅ አንዷ ባንዷ ላይ ወደቁ። ሰውዬውን ለመዳር ስንጠብቀው የከረምነው ሲዲ፣ ለካ ሴትዮዋን ሲያባርርብን ነው የከረመው። ታንጉት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁ። አያ አድማሴም ሄደው ተቀመጡ፣ እያቃሰቱ፣ ያለ አንዳች ሐፍረት።

ሠርጉ ለግንቦት ልደታ ሰሞን ነው። በዚህኛው «ነይ» የምንልሽ ሁላችንም ነን፤ እማዬ እንዲያውም ካልመጣሽ ራሷ ቋሪት ድረስ ልትመጣብሽ ነው። አያ አድማሴ «ቪዲዮ የሚባል ነገር ደጄ እንዳይደርስ» ብለው ነበር። ታንጉት አልሰሟቸውም፤ ቪዲዮ ቀራጩን ራሳቸው ቀጥረው «ቁጭ ሲሉ አንሣልኝ፣ እሱን አስረዝመው» ብለውታል።

ስለ ጃንጥላው እንደነገርኩሽ ለእማዬ አታወጪብኝም ብላ የምታምንሽ፣

እህትሽ ሰብሊ