የአሮጌው አዳራሽ ወለል

ማርች 6፣ ማክሰኞ

ዛሬም ያው። ከቀትር በኋላ አዳራሽ ገባሁ፣ ኪምባፕ፣ ያው የሩዝ ጥቅሌን፣ በላሁ፣ ሁለት ግጥሚያ አስተላለፍን። ሰው አርባም አይሞላም። ያቺ ሁልጊዜ ካርቶን ላይ ጽፋ የምትመጣው ሴትዮ ፊት ወንበር ላይ አለች። የዛሬው፦ «ዱሺክ፣ ዘንድሮም ካላሸነፍክ አግብቼ እገላገላለሁ።» ተጫዋቹ ዱሺክ ሲያልፍ አንብቦ ሳቀ።

«እትዬ ጆንጋ፣ ሰርግ ልንበላ ነው» አለኝ።

በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ስታርክራፍት የሚባለው የኮምፒውተር ጦርነት ጨዋታ እዚህ ኮሪያ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ስክሪኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ሁለቱ ተጫዋቾች በየመስታወት ሳጥናቸው ውስጥ የየራሳቸውን ጦር ብቻ ያያሉ። እኔ ሁለቱንም አያለሁ። ሕዝቡ የሚያየው ደግሞ እኔ የመረጥኩለትን ነው። ስሜን የሚያውቅ የለም። ባያውቅም ይሻላል... ስሜ የሚነሳው የተሳሳትኩ ቀን ነው።

ማርች 9፣ ዓርብ

የጣቢያችን ዳይሬክተር ጊል ቢሮ አስጠሩኝ። ተቀመጪ አላሉኝም።

«ከኦገስት በኋላ ሁለተኛውን ስታርክራፍት ብቻ ነው የምናሳየው። አሮጌው አብቅቶለታል።»

«ሰው ይወደዋል እኮ።»

«የትኛው ሰው? አርባው?»

ፊቴን ሲያዩ አዘኑ መሰለኝ። «የኦገስቱ ፍጻሜ አዳራሹን ከሞላ፣ ሕዝቡም እንደ ድሮው ከጮኸ፣ ለጃንዋሪ አንድ የአሮጌው ውድድር እጠይቅልሻለሁ» አሉ። እንደ ድሮው ከጮኸ... ድሮ እኮ ፍጻሜው ባሕር ዳርቻ ላይ ነበር የሚደረገው። ሰዉ አሸዋው ላይ ተቀምጦ፣ መጨረሻው አይታይም ነበር።

ማርች 17፣ ቅዳሜ

ሁለተኛውን እየተለማመድኩ ነው። መማር ግድ ነው፣ እንጀራዬ ነው።

እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያየኝ የለም። ያምራል። ውሃው ውሃ ይመስላል፣ እሳቱ እሳት። አዲስ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ዓለም በሙሉ እያየው ነው ይላሉ፣ ይሁን።

ግን ውጊያው! ሁለቱ ጦር አንድ ላይ ክምር ብሎ ይመጣል፣ ይገናኛል፣ አለቀ። ስክሪኑን አድርሼ ሳልጨርስ ሬሳ ነው የማገኘው። በአሮጌው ወታደሮቹ ደነዞች ናቸው። ድልድይ ላይ ይጋፋሉ፣ መንገድ ይስታሉ፣ እንደ በግ መንጋ ይበታተናሉ። ባንድ ጊዜ ከአሥራ ሁለት በላይ ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ ተጫዋቹ እያንዳንዷን በእጁ ይጎትታል። ውጊያው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፣ እኔም ሦስት ቦታ ዞሬ አሳያለሁ። ሰው የሚጮኸው ለወታደሮቹ አይደለም፣ ለዚያ እጅ ነው።

ይህን ለዳይሬክተሩ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው?

ኤፕሪል 22፣ እሑድ

እናቴ ጋ። የኪምቺ፣ የኮመጠጠ ጎመን፣ ሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሁለቱንም አሳየኋት፣ አንዱን ካንዱ ቀጥሎ፣ ድምፁን አጥፍቼ። የጨዋታውን ሕግ አታውቅም፣ ኮምፒውተርም ነክታ አታውቅም።

አሮጌውን አይታ «ቀዩ ተጨንቋል» አለች። ልክ ነበረች። ቀዩ ዱሺክ ነው።

ሁለተኛውን አይታ «ርችት ነው?» አለች።

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ደንግጣ ሾርባ ጨመረችልኝ።

ሜይ 29፣ ማክሰኞ

ዱሺክ የማጣሪያውን ዙር አለፈ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። በዚህ ጨዋታ ሽማግሌ ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው መጀመሪያ የመጣው። አራት ጊዜ ፍጻሜ ደረሰ፣ አራቱንም ሁለተኛ ወጣ። ሴፕቴምበር ላይ ለግዴታው ውትድርና ወታደር ቤት መግባት አለበት፣ ከዚህ በላይ አያራዝሙለትም። ሲወጣ አሮጌው ጨዋታ የለም። ይህ የመጨረሻው ነው።

«ሁለተኛውን አትሞክርም?» አልኩት።

«ሞከርኩ። እጄ ሥራ ፈታ፣ እትዬ። አንዴ ስጫን ሁሉም ሄደ። ታዲያ እኔ ምን ልሥራ? ሻይ ላፍላ?»

እየቀለደ ነበር። ዓይኑ ግን አይቀልድም። አሠልጣኙ ለአዲሱ ቡድን ስሙን እንዳላስገባ ሰምቻለሁ። አልነገርኩትም።

ጁን 14፣ ሐሙስ

ጊዜያዊ ሠራተኛ መጥታ አሠለጠንኳት። የመጀመሪያዋ ትምህርት ሁሌም አንድ ናት፦ የተደበቀውን አታውጪ።

ለምን አለችኝ። ወስጄ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ማዳመጫውን አደረግኩላት። ጆሮዋ ውስጥ ሹሹታ ብቻ ነው ያለው፣ ውጭው አይሰማም። ከዚያ የመብራት ሠራተኞቹን «እስቲ መሬቱን ምቱ» አልኳቸው። ዓይኗ ፈጠጠ። መድረካችን የጣውላ ነው፣ አሮጌ ነው። አዳራሹ ሲንጫጫ በጫማ ሶል ይገባል። ተጫዋቾቹ ሁሉ ያውቁታል፣ «በእግር ማየት» ይሉታል። አንዱ በድብቅ ጦር ሲልክ እኔ ቀድሜ ካሳየሁ ሰው ይጮኻል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያኛውም ነቅቶ ይመለሳል። ስለዚህ የተደበቀ ነገር የሚታየው ከረፈደ በኋላ ነው።

«አንቺ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ። ኩራቴ...

ጁላይ 21፣ ቅዳሜ

ዱሺክ ፍጻሜ ገባ!! አምስተኛው። ተጋጣሚው ታክ ዬቻን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ዬቻን ሁለተኛውንም ይጫወታል፣ ቡድንም አለው። እሱ ቢሸነፍ ምንም አይጎድልበትም።

እኔ ማዳላት አይፈቀድልኝም። አላዳላም። ግን ትናንት ዱሺክ እንዲያሸንፍ ጸለይኩ። ለማን እንደጸለይኩ እንጃ።

ኦገስት 4፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። ከሞላም ሞላ፣ ደረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጠዋል። ግን ሙቀቱ... ማቀዝቀዣው አልቻለውም። ሰው በካርቶኑ ፊቱን እያራገበ ዝም ብሎ ያያል። አንደኛው ጨዋታ ዝምታ። ሁለተኛው ዝምታ። ዳይሬክተር ጊል በሩ ጋ ቆመው ስልካቸውን ያያሉ። እንደ ድሮው ከጮኸ ብለውኛል። አይጮህም! ምን ሆነ ይሄ ሰው?

ሁለት ለሁለት ደረሱ። አምስተኛው ላይ ዱሺክ ወደ ኋላ ቀረ። ዬቻን ጦሩን በሙሉ ይዞ ሊጨርሰው ወጣ። አስተላላፊዎቹ ስንብት ጀመሩ። ዱሺክ ግን አንዲት አመላላሽ መርከብ ወታደር ጭኖ፣ በካርታው ጠርዝ ጠርዝ፣ በጨለማው በኩል ወደ ዬቻን ባዶ ሰፈር እየላከ ነበር። ማንም አላያትም። እኔ ብቻ ነኝ ያየኋት። ዬቻን ትንሽ ከራቀ መመለስ አይችልም፣ ዱሺክ ያሸንፋል። አሥር ሰከንድ ቢበዛ።

ምን ነካኝ?

አውቃለሁ ምን እንደሆነ። ዳይሬክተሩ በሩን ሲገፉት አየሁ። ሊወጡ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ... ስክሪኑን መርከቧ ላይ አደረግኩት።

አዳራሹ ጮኸ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። በእግራቸው ይመታሉ፣ የኔ ወንበር ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ዳይሬክተሩ ዞር አሉ።

የዬቻንም ጦር ቆመ። ዞረ።

መርከቧ ስትደርስ ሲጠብቋት አገኘቻቸው። ዱሺክ ተሸነፈ። ከሳጥኑ ወጥቶ ለሕዝቡ አጎነበሰ፣ ረጅም ጊዜ። ሴትዮዋ ካርቶኗን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

ማንም ምንም አላለኝም። አስተላላፊው «ዬቻን ምን ዓይነት ስድስተኛ ስሜት ነው ያለው!» ብሎ አደነቀ።

ኦገስት 5፣ እሑድ

አልበላሁም። ስምንት ሰከንድ። ቅጂውን ቆጠርኩት። ስምንት ሰከንድ ብታገሥ...

ኦገስት 8፣ ረቡዕ

ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። «አዳራሹ ሞልቷል፣ ጮኋል። የጃንዋሪው ውድድር...» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ጆንጋ፣ ሁለተኛውን ብቻ ልናሳይ ውሉ የተፈረመው ጁን ላይ ነው። እንዲያው አትዘኚ ብዬ ነበር።»

እንዲያው አትዘኚ ብለው።

ለዚህ ነው የሸጥኩት? ለባዶ? መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሠራተኛዋ እስክታንኳኳ ድረስ። ዱሺክ አሥር ዓመት ከምናምን የለፋበትን፣ እኔ ለአንድ ሰው የማጽናኛ ቃል ሰጠሁት።

ኦገስት 11፣ ቅዳሜ

ዬቻን መጣ። ዕቃ እየሰበሰብኩ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእግሬ ሰምቼ ነው የተመለስኩት። አላየሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«ዋንጫውን ቤት ውስጥ ማየት አቃተኝ። ለጋሼ ዱሺክ ልንገረው?»

«ያንተ ጥፋት አይደለም። ተጫዋች የሰማውን ይጠቀማል። እኔ ነኝ የምነግረው።»

«መቼ?»

ይሄ ልጅ! «እነግረዋለሁ አልኩህ» ብዬ ጮኽኩበት። ጎንበስ ብሎ ሄደ። ምን አጠፋ?

ኦገስት 27፣ ሰኞ

አልነገርኩትም።

ዱሺክ ሁለቴ ደወለ። በበርበሬ የተሠራ የሩዝ ኬክ፣ ቶክቦኪ፣ እንብላ አለኝ፣ ሥራ አለብኝ አልኩ። ሥራ የለኝም። ሆድ ይፍጀው ብል ማን ያውቅብኛል? ዬቻን አያወራም። ዱሺክም ሁለት ዓመት ወታደር ቤት ነው፣ ይረሳዋል። እኔ ግን... ሳጥን በዘጋሁ ቁጥር፣ ወንበር በገፋሁ ቁጥር ያ ጩኸት ይመጣል። ለሞት የሚያበቃ ነገር አይደለም፣ ጨዋታ ነው ይላል አንዱ ልቤ። ታዲያ ለምን ከስልኩ እሸሻለሁ?

ሴፕቴምበር 10፣ ሰኞ

ምልምሎች የሚሠለጥኑበት ኖንሳን ሄድኩ። የወታደሮቹ መግቢያ በር ላይ እናቶች፣ ፍቅረኞች፣ ሻንጣ። ዱሺክ ጸጉሩን ተላጭቷል። ጆሮው ትልቅ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት። እናቱ ምግብ ልትገዛ ሄደች፣ ሁለታችን ቀረን። አሁን ካላልኩ መቼም አልልም።

አልኩ። ስክሪኑን፣ ስምንት ሰከንዱን፣ ዳይሬክተሩን፣ ሁሉንም። መሬት መሬት እያየሁ።

ስጨርስ ቀና አልኩ።

«እትዬ፣ እኔስ የት ነበርኩ?» አለ።

«ምን?»

«ያው ወለል ላይ አይደል እንዴ የተቀመጥኩት? ለእሱ የተሰማው ለእኔ አይሰማም? መንቀጥቀጡ እንደመጣ፣ እትዬ ጆንጋ መርከቤን አወጣቻት አልኩ። እሱም እንደነቃ አወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን አልመለስካትም? መመለስ ትችል ነበር። ሌላ መላ...»

«እችል ነበር።» የተላጨ ጭንቅላቱን አሻሸ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ይጮኻል። ሁሌም ለሌላው። እኔ በእግሬ እየሰማሁ፣ ‘በቃ፣ ተሸነፍኩ’ እያልኩ። ያን ቀን ግን ለእኔ መርከብ ነው የጮኹት። ዝም ብዬ ልስማው አልኩ። ብመልሳት ጩኸቱ ይቆም ነበር።»

«ዱሺክ፣ ዋንጫህን እኮ ነው የወሰድኩብህ።»

«ወስደሻል» አለ። «አልዋሽሽም፣ በጣም ነው የማዝነው። ማታ ማታ ያቃጥለኛል። ግን ያንን ድምፅ የሰጠሽኝም አንቺ ነሽ። ሁለቱን እንዴት እንደምለያቸው አላውቅም። እዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለኝ፣ አስብበታለሁ።»

እናቱ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ይዛ መጣች። ሦስታችን ቆመን በላን። ከዚያ ተጠራ። ሲገባ አልዞረም።

በባቡር ስመለስ ሙሉውን መንገድ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት አባት መሀረብ ሰጡኝ፣ ልጄን ሸኝቼ መስሏቸው።

ኦክቶበር 5፣ ዓርብ

አዲሱ አዳራሽ። ነገ የሁለተኛው ጨዋታ የመጀመሪያ ስርጭት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በላዩ ምንጣፍ። ሳጥኖቹ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው፣ በጎማ ላይ የተቀመጡ። ኢንጂነሩ እየዞረ ያሳየናል። «ከእንግዲህ በእግር ማየት የሚባል ነገር የለም» አለ። ጥሩ ነው። መሆን የነበረበት ነው። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ...

ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ቀረሁ። አንዱ ሳጥን ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ማዳመጫውን አደረግኩ። ያቺን ያሠለጠንኳትን ልጅ በመስታወቱ በኩል በእጄ ምልክት ሰጠኋት፦ ምቺ።

መታች። በሁለት እግሯ እየዘለለች መታች። አፏ ሲከፈት አየሁ፣ እየጮኸች ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ። ባዶ እግሬን ወለሉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ትዘላለች፣ ትዘላለች። ምንም አልመጣም።