ፈረሰኞቻቸው ላለቁባቸው የአፎቻችን ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ዐብዱኑር
የሰፈራችን አፎቻ ሰብሳቢ፣ ደግሞም የማናውቀው አገር ጦር አዛዥ
ጀጎል፣ ፈላና በር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? አውራ ጣትዎስ? ሥራ የበዛበት እሱ ነውና አላህ ያበርታው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ባለቤትዎ ሳዳ ደግሞ ደህና ናት፤ ምናልባት እርስዎ አላዩዋት እንደሆነ፣ እኔ ትናንት ገበያ አግኝቻታለሁ።

«እርስዎ» ማለቴ እንዳይገርምዎ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩዎ ሴትዮ ነኝና በአፌ አንተ ነው የምለው፤ ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ያስቆጠረችን ብዙነሽ፣ ለባለሥልጣን ሲጻፍ እንዲህ ነው ብላናለች። ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሱኝ፤ እኛ ስንቱን ታግሰን የለ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ቢያነበው እንዳይቸገር ትንሽ ላስረዳ። አፎቻ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ለሰብሳቢው ይደወላል፤ ሰብሳቢው ማን ይቆፍር፣ ማን ቃሬዛ ያምጣ፣ ማን ገጠር ላለ ዘመድ ይንገር ብሎ ይመድባል፤ እኛ ደግሞ ለምን ሳንል እንታዘዛለን። ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቤቱ ሞት ሲገባ ብቻውን ነው፤ ከዚህ የከፋ ቅጣት እኛ ሰፈር የለም።

ጉዳዩ የናፊያ ቀብር ነው። ናፊያን ያውቋታል፤ አርባ ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ ስፌት የሰፋች ሴት ናት። ልጅ የላት፣ ወንድም የላት፣ አፎቻው ነበር ልጇም ወንድሟም። የሰው ሞት ስትሰማ ወስፌዋን እንደያዘች ነበር ብድግ የምትለው፤ የእርስዎ እናት የሞቱ ጊዜም እንደዚያው። ባለፈው ማክሰኞ፣ መጋቢት ውስጥ፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ ሰግዳ እንደጨረሰች ወደ አኼራ ሄደች። ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ልናደርሳት ነበር ያሰብነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስልክ ባለማንሳትዎ አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ ጠፍቶ ቢሆን ባትሪ ነው እል ነበር፤ እሱ ግን ሁለት ጊዜ ይጮህና ይዘጋል። ራሱን የሚዘጋ ስልክ ደግሞ እስካሁን አላየሁም። ኋላ ሲነግሩኝ፣ ስልክ ሲደወል ጦርነቱ ስለሚቋረጥብዎ ነው አሉ። የአፎቻ ሰብሳቢ የሞት ጥሪ ሲበጠብጠው መስማት በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትእዛዝዎ። አራት ሰዓት ላይ የአፎቻው ቫይበር ግሩፕ ውስጥ ከእርስዎ መልእክት ገባ። ባንክ የምትሠራው የልጄ ልጅ ኑሀ ከስልኳ አንብባልኝ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ «ሁላችሁም በሩ ላይ ተሰብሰቡ። ጦር የያዘ ፊት፣ ቀስት ከኋላ፣ ፈረስ በግራ። ሳላዝ ማንም እንዳይነቃነቅ።» ይህ ለእኛ እንዳልነበረ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ላሉት የስልክ ጦርነት ጨዋታ ጓደኞችዎ ልከው ግሩፕ እንደተሳሳቱ፣ ያን ጊዜ ማን ይወቅ? ሰው ሁሉ ናፊያ መሞቷን ሰምቶ፣ ዶማውን ይዞ የእርስዎን ምድብ ነበር የሚጠብቀው።

አባላቱ መልእክቱን ደጋግመው አነበቡት። የሰባ ሁለት ዓመቱ አደም ትንሽ አሰበና፣ ጦር ያለው ዶማና አካፋውን ነው፣ ቀስት ያለው ቃሬዛ ተሸካሚውን ነው፣ በሩም ፈላና በር ነው ብሎ ተረጎመው። ውሃ ሻጩ ሙሜ ከድሬ ጠያራ ውሃ የጫነ አህያውን ይዞ መጥቶ ነበርና፣ ፈረስ ከየት ይምጣ ብሎ አህያውን ይዞ በግራ በኩል ቆመ። ሃያ ሦስት ሰው ፀሐይ ላይ በሰልፍ ቆመ፤ ዶማ ፊት፣ ቃሬዛ ከኋላ፣ አህያ በግራ። ሁሉም በግሩፑ ላይ እሺ እሺ ብሎ መለሰልዎ። ዛሬስ ጦሬ ታዛዥ ነው ብለው ደስ ሳይልዎ አልቀረም። ፖሊስ መጥቶ ዶማ ይዛችሁ የምን ሰልፍ ነው ብሎ ጠየቃቸው፤ አደም ቀብር ነው ሲል፣ ታዲያ ሬሳው የታለ ተባለ። ለእርስዎ ሲደውሉም ዘጉባቸው። በየተራ እየሄዱ ሰግደው እየተመለሱ፣ ሳላዝ ማንም እንዳይነቃነቅ ያሉትን አክብረው፣ እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ድረስ፣ አልተነቃነቁም።

ሦስተኛ፣ ስለ እንግዳ አቀባበልዎ። ያን ጊዜ እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም፤ ሰዉ በየምድቡ ሥራ ላይ ነው ብዬ ሬሳዋን አጥበን ከፍነን እንጠብቃለን። ቃሬዛ የሚባል ሲጠፋ ጊዜ በዚያ ዳገት፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ግድግዳ እየያዝኩ ቤትዎ መጣሁ። እንግዳ በሚቀመጥበት ነደባ ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ጫትዎ በስተቀኝ፣ ውሃዎ በስተግራ፣ ስልክዎ መሐል ሆኖ አገኘሁዎ። ገና አፌን ስከፍት ምን አሉኝ?

«እማ ሐዋ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ፈረሰኞቼ እያለቁ ነው።»

እኔም ናፊያ ሞታለች አልኩዎ። ኢናሊላሂ አሉ። አሉ፣ አልዋሽብዎትም፤ ግን ቀና አላሉም፣ ጣትዎም አልቆመም። በሕይወቴ ብዙ ኢናሊላሂ ሰምቻለሁ። በእንባ የተባለ አለ፣ በወጉ የተባለ አለ፤ ጣት እየተራወጠ የተባለ ግን የእርስዎን ነው የሰማሁት። ከቤትዎ ወጥቼ ግድግዳ እየያዝኩ ያንን ዳገት ወረድኩ።

መቃብሯን ማን እንደቆፈረ አልጠየቁምና ልንገርዎ። ጎሚስታው ታደሰ ነው። ክርስቲያን ነው፣ የአፎቻችን አባል አይደለም፣ ማንም አልመደበውም፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለቅስ አይቶኝ የመኪና ጎማ መሬት ላይ ጥሎ ተነሣ። ከልጄ ከሐምዲ ጋር ሁለት ሆነው ያንን ድንጋይ መሬት ቆፈሩት። ሌላ ቃሬዛ ከመስጊድ አግኝተን፣ ለሶላት የመጡ ስሟን የማያውቁ ሰዎች ተሸክመው በሌላ በር አወጧት። ለዙህር ያልናት ለዐስር ገባች። ታደሰ ቀብረን ስንጨርስ ዶማውን ተሸክሞ በፈላና በር ሲመለስ ነው ሃያ ሦስቱን ሰው ያገኛቸው። ናፊያን ቀበርናት እኮ ሲላቸው፣ አደም ዶማው ላይ ተደግፎ አለቀሰ አሉ። በዚያች ሰዓት የእርስዎ ፈረሰኞች በሙሉ አልቀው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ አላህ ያጥናዎ።

አራተኛ። የማላውቀውን ነገር አልራገምም፤ ስለዚህ ከናፊያ ሬሳ የበለጠው ምን እንደሆነ ለማወቅ ኑሀን ጨዋታውን ስልኳ ላይ አስጫንኳትና መነጽሬን አድርጌ ሁለት ቀን ተማርኩት። ከባድ አይደለም። ጦረኛ ፈረሰኛን ያሸንፋል፣ ፈረሰኛ ቀስተኛን፣ ቀስተኛ ደግሞ ጦረኛን። እና መጀመሪያ ሰላይ ልኮ የዚያኛው ሰውዬ ፊቱ ላይ ማንን እንዳቆመ ማየት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የራስን ሰው መምረጥ። እርስዎ ለጓደኞችዎ ያዘዙት አሰላለፍ ራሱ ክፉ አልነበረም። ጥፋትዎ ለሌላው ይህን አዘው፣ የራስዎን ጦር ፈረስ ብቻ አድርገው፣ ሰላይ ሳይልኩ ጦረኛ ላይ መንዳትዎ ነው። ለምን ቢሉ ፈረስ ያምራላ! ሠርግ ላይም እንዲሁ ነዎት፤ የመደቡት ሰው ሁሉ መኪና ላይ የሚቀመጥ ነው፣ ድስት የሚያነሳ የለም። ባልተማረ አእምሮዬ በሁለት ቀን የገባኝ እኔ፣ አንድ ዓመት ተጫውተው ያልገባዎት እርስዎ። እንግዲህ ናፊያን የጣሏት በደንብ ለሚያውቁት ነገር እንኳ አይደለም።

የቆሰለ ቀስተኛ ሲኖርዎ ሆስፒታል ያስገቡታል፣ እስኪድን ሰዓት ይቆጥሩለታል አሉ። ናፊያ ሰባት ሳምንት ስትተኛ አንድ ቀን ደጇን አልረገጡም። ቱርክ አገር ያለ ፊቱን አይተውት የማያውቁት ሰው ተወረርኩ ሲል ወዲያው አጋዥ ጦር ይልኩለታል። ደግ ሰው ነዎት፣ ደግነትዎ ሩቅ አገር ሆኖብን እንጂ።

ከሁሉ ያቃጠለኝን ግን ልንገርዎ። በጨዋታው ጋሻ የሚሉት ነገር አለ። አንድ ጊዜ ከነኩት ለስምንት ሰዓት ማንም ከተማዎን አይነካም፣ ጦርዎም አርፎ ይቀመጣል። ኑሀን እሱ ዘንድ ይህ ጋሻ አልነበረውም ወይ አልኳት፤ ሁሉም ሰው አለው አለችኝ። እንግዲህ አንዲት ጊዜ ነክተውት፣ ጫማዎን አድርገው፣ ናፊያን ቀብረው፣ ተመልሰው ከነፈረሶችዎ ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። አንድም ሰው ሳይሞትብዎ።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ሐዘኑ ላይ በሦስተኛው ቀን መጥተው፣ ነጭ ለብሰው፣ መዝገብዎን ዘርግተው፣ ፈላና በር የቆሙትን ሃያ ሦስት ሰዎች «ቀሪ» ብለው ጻፏቸው። ቀብሩ ላይ አልነበሩማ! እርስዎም አልነበሩም፤ ብዕሩ በእርስዎ እጅ ስለሆነ ስምዎ አልተጻፈም እንጂ። ግሩፑ ላይ ያለውን መልእክት ሲያሳዩዎት፣ እሱ የቴክኒክ ችግር ነው አሉ። ሌሎቹስ አንድ ቀሪ ነው፣ ይሁን። አደም ግን ሁለት ነበረበት፤ አንዱ ሚስቱ ኦፕራሲዮን የሆነች ቀን ነው፣ ሌላው እሱ ራሱ ታሞ ነው። ይህ ሦስተኛው ነው። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ስሙን ሊሰርዙት ነው። ሚስቱ ዛሬም አልጋ ላይ ናት፤ ዐብላ ትባላለች፣ ከረሷት። ጁምዓ ተሰርዞ ሰኞ ብትሞትበት፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ በእርስዎ ትእዛዝ የቆመ ሽማግሌ ሚስቱን ብቻውን ሊቀብር ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። ሃያ ሦስቱን ስም ከቀሪ ያውጡ፣ በምትኩ አንድ ስም ያስገቡ። የትኛውን እንደሆነ አልነግርዎትም፤ ሰላይ ይላኩ። መዝገቡንና የአፎቻውን ስልክ ደግሞ ስልክ ሲደወል ለሚያነሳ ሰው ያስረክቡ።

ይህን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ፈላና በር ላይ፣ ሰዎቹ የቆሙበት ቦታ እለጥፈዋለሁ። ኑሀ ደግሞ ፎቶ አንስታ ግሩፑ ውስጥ ከትእዛዝዎ ሥር ታስገባዋለች። እኛ ግሩፕ አንሳሳትም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ በዚህ መሐል የሞተብዎ ጦረኛ ካለም ስለ እሱ፣ ዓውፍ እንዲሉኝ እየለመንኩ፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጣትዎ ዕረፍት፣ ለቀሩት ፈረሶችዎም ሣር እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣ በአፌ አንተ የምልዎ፣
ሐዋ፣ የናፊያ ጎረቤት

ማሳሰቢያ፦ ባለቤትዎ ሳዳ ትናንት ገበያ ላይ እጄን ይዛ፣ እሱ የሞተ ቀን ሰው ይመጣ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። እንመጣለን ብላ እንድትነግርዎ አደራ ብያታለሁ፤ ምናልባት ስልክ ይዘው አልሰሟት እንደሆነ ልድገመው። በመጀመሪያው ጥሪ ስልክ እናነሳለን፤ ምድቡንም ሴቶቹ ተቀምጠን ከአሁኑ ጨርሰነዋል። ታደሰ እቆፍራለሁ ብሏል። ሙሜ ውሃ ያመጣል። ቃሬዛዎን ከፊት በቀኝ በኩል የሚይዘው አደም ነው፤ ጁምዓ ካልሰረዙት።