መርፌዎን ስላስደነገጠው መዶሻዬ

ለቁስ አካላት ገጽታ ምርምር ተቋም የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ሲራመዱ እግርዎ መሬት እንዳይነካ፣ ሲተነፍሱም ትንፋሽዎ አቧራ እንዳያነሣ ከልቤ እመኝልዎታለሁ። እኔ ከግቢዎ ግድግዳ ማዶ ያለሁት ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን ሴት ልጄ ትጽፈዋለች፤ አንድም ቃል እንዳታለሰልስ አስምያታለሁ።

በመጀመሪያ ለሥራዎ ያለኝን አድናቆት ልግለጽ። ሰው እንደነገረኝ፣ ጫፏ በዐይን የማትታይ መርፌ አለቻችሁ። የብረትን ገጽ እየዳበሰች ጉብታውንና ጎድጓዳውን ትለካለች፤ ሁለት ብረት የተጣበቀበትን ድንበርም እንዲሁ። ናኖ ይሉታል፤ የፀጉር ውፍረት እንኳ ለእሱ ሰፊ ሜዳ ነው አሉኝ። ታዲያ መዶሻዬ ሲያርፍ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌዋ ትዘላለች፣ ሥዕሉ ይበላሻል። በእውነት አዘንኩ። ሥዕሉንም በርዎን ልገጥም የገባሁ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ ቁርጥ የኔን ተረከዝ ይመስላል።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ፦

፩ኛ/ ጠዋት እንዳልመታ ለመኑኝ፤ ተውኩ። ከሰዓት በኋላም አሉኝ፤ ተውኩ። ሠራተኞችዎ ምሳ ሲወጡ ብቻ ልሥራ ብል፣ ምሳውን በፈረቃ አደረጉት። ብረቴ እሳት ውስጥ ቀልቶ ሲጠብቀኝ፣ እኔ አንዱ በልቶ ሲገባ ሌላው ሊበላ ሲወጣ በአጥር ቀዳዳ ሳይ ዋልኩ።

፪ኛ/ ባለቤቴ የሞተች ዕለት ረዳትዎ ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ «ልኬት ላይ ስለሆንን ልቅሶው ዝግ ይበልልን፤ ሴቶቹም መሬት ባይመቱ» ሲል በትሕትና አስረዳን። ታላቅ እህቴ፣ «ውይ የኔ ጌታ፣ ምነው ቀድመህ ብትነግራት! ልኬታችሁ እስኪያልቅ ትቆይላችሁ ነበር» አለችው። ሰውየው አልሳቀም፤ «ለሚቀጥለው ቀደም ብላችሁ አሳውቁን» ብሎ ወጣ። ዕድሜዋን ሙሉ በመዶሻ ድምፅ ተኝታ በመዶሻ ድምፅ የተነሣች ሴት፣ በሹክሹክታ ተሸኘች። ለዚህ ውለታዎ ብድር መላሹን እግዜር ይስጥዎ።

፫ኛ/ የዋናው በርዎ ማጠፊያ ሲሰበር «ያለ ድምፅ ቀጥቅጠው ያምጡልን» አሉኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ብሎ ማዘዙን ሰፈሩ እንዲያውቅልዎ ለሁሉም ነግሬያለሁ።

፬ኛ/ አሁን ደግሞ «ቦታውን ሸጠው ይልቀቁልን፤ ካልሆነ ክስ እንመሠርታለን» የሚል ወረቀት በሬ ላይ ለጥፈዋል። ልጄ ሙያዬን ተምራ የብረት መቀጥቀጫ መስፉን የተረከበችኝ ገና አምና ነው። እሷስ የት ሄዳ ትቀጥቅጥ ብል፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው «እኛ ጋ የጽዳት ሥራ አለ፤ ለስላሳ ጫማም እንሰጣታለን» አሉ። ልጄ አንድ ቃል አልመለሰችልዎትም። ዝም ያለችው አክብራዎ እንዳይመስልዎ፤ መዶሻው በእጇ ስለነበረ ነው።

ጌታዬ፣ ሁለት ነገር የሚገናኝበትን ድንበር ሲያጠኑ ሸበቱ። እኔና እርስዎ የምንዋሰንበትን ግድግዳ ግን አንድ ቀን ቀና ብለው አላዩትም። ከማዶው ሰው አለ። ሰውን የምትዳብስ መርፌ ገና ስላልተሠራች አልፈርድብዎትም።

ክስ የምሟገትበት ጉልበትም ዕድሜም የለኝም። ስለዚህ አሸንፈዋል፤ መስፋችንን ነቅለን እንሄዳለን። እንኳን ደስ ያለዎ።

መርፌዎ ለክታ ከማትጨርሰው አክብሮት ጋር፣ በአውራ ጣቴ አትሜ፣

የግድግዳ ጎረቤትዎ፣ ቀጥቃጩ

ማሳሰቢያ፦ እንዳዘዙኝ ቦታውን ሸጫለሁ። ገዢው ድንጋይ ፈጭቶ ጠጠር የሚሸጥ ሰው ነው፤ ማሽኖቹ ሰኞ ይገባሉ። ፈቃዱ የተሟላ ነው፣ ጠበቃም አለው። ጠባዩ ምንም አይወጣለትም፤ ብቻ ከወፍጮው ጋር ብዙ ስለኖረ ጆሮው አይሰማም። ቅሬታ ሲኖርዎት ጠጋ ብለው፣ ባለ በሌለ ድምፅዎ ይጩኹበት።